ካሮቴ ለምን እግር አወጣ? የተለያየ ዓይነት ካሮት በአንድ መደብ ላይ ስለማልማት

ጥያቄ፦ «ጓሮዬ ውስጥ 3 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነ መደብ አለኝ። አፈሩ ሸክላማ ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ባለፈው ወቅት ናንቴስ፣ ሻንተኔ፣ ኢምፔራተር የሚባለውን ረጅሙን፣ በተጨማሪም ሐምራዊ፣ ቢጫና ነጭ የተደባለቀበት አንድ ፓኬት ዘር በአንድ ቀን ዘራሁ። ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ፍግ አልብሼ በዶማ ቆፍሬው ነበር። ግማሹ አልበቀለም። የበቀለው ቅጠሉ የሚያምር ነበር፤ ስነቅለው ግን አብዛኛው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ለሁለትና ለሦስት ተከፍሏል፣ ፀጉራም ነው፣ ራሱም አረንጓዴ ሆኗል። ጥፋቱ የዘሩ ነው የእኔ? ዘንድሮ ምን ልቀይር?»

ምላሽ፦ ዘሩን አይውቀሱት። የዘረዘሯቸው ምልክቶች ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራሉ፤ መደቡ የተዘጋጀው ለካሮት ሳይሆን ለጎመን ነው። ፍግ የጠገበና ላይ ላዩን የተቆፈረ መደብ ቅጠሉ ለሚበላ አትክልት ግሩም ነው። ከካሮት የምንፈልገው ግን ሥሩን ነው። የሥሩ ቁመትና ቅርጽ ደግሞ የሚወሰነው ቡቃያው ከሣር በማይለይበት ጊዜ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት ነው። ያኔ ክር የመሰለው ዋና ሥር ቁልቁል እየሄደ የወደፊቱን ካሮት ርዝመት ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መወፈር ነው። በጉዞው ላይ ጫፉ ድንጋይ፣ ጠጣር አፈር ወይም ያልበሰበሰ ፍግ ካጋጠመው ይሞታል፤ ጫፉ ሲሞት የጎን ሥሮች ተሻምተው ቦታውን ይይዛሉ። ባለ ሦስት እግሩ ካሮት የተሠራው በዚያች ሳምንት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚደረግ ኩትኳቶም ሆነ ማዳበሪያ አያቃናውም።

የተነቀሉትን ካልጣሏቸው ዐሥር ያህሉን አጥበው ጎን ለጎን ያጋድሟቸው። የተከፈሉበት ቦታ ብዙ ይናገራል። ሁሉም እኩል ቁመት ላይ ከተከፈሉ ከዚያ በታች ዶማ ያልደረሰበት ወይም ተመልሶ የጠጠረ ንጣፍ አለ፤ የእርስዎ 10 ሴንቲ ሜትር ይህንን ይመስላል። አንዱ 4፣ ሌላው 9፣ ሌላው 13 ሴንቲ ሜትር ላይ ከተከፈለ ግን ጥፋቱ የጠጠር፣ የጓል ወይም የፍግ እብጥ ነው። ሁለት ካሮቶች እንደ ገመድ ተጠማዘው ከወጡ ሳይሳሱ፣ ማለትም ትርፉ ቡቃያ ሳይነሳላቸው ቀርተዋል ማለት ነው። ጫፉ የተቆረጠ መስሎ ደንዝዞ የቀረ ሥር ብዙውን ጊዜ ውኃ ባቆረ አፈር ውስጥ ታፍኖ የነበረ ነው። በመጨረሻ ቀጫጭኖቹን የጎን ሥሮች በጣትዎ መሀል ያሳልፏቸው፤ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ እብጠቶች ከተሰማዎት ነገሩ ኔማቶድ የሚባል ሥር የሚያጠቃ ደቃቅ ትል ነው፣ መፍትሔውም ሌላ ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ፀጉራምነቱ ከናይትሮጂን መብዛትና ከርጥበት መብዛት የሚመጣ ነው፤ ያማረው ቅጠልም የዚያው ምስክር ነው። አረንጓዴው ራስ በሽታ አይደለም። ከአፈር ወጥቶ ብርሃን ያገኘ ሥር እንደ ቅጠል አረንጓዴ ቀለም ይሠራል፤ ያ ክፍል መረር ስለሚል ተቆርጦ ይጣላል፣ የቀረው ይበላል።

አሁን ወደ ዓይነት ምርጫ። ሰው ሁሉ የሚመርጠው በፓኬቱ ላይ ባለው ሥዕል ነው፤ መመረጥ ያለበት ግን በአፈሩ ጥልቀት ነው። አፈሩ ውኃ ከጠጣ ከአንድ ቀን በኋላ የጣት ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ ይዘው በእጅዎ ጉልበት ብቻ ቁልቁል ይግፉት። እምቢ ብሎ የሚቆምበትን ቦታ ምልክት አድርገው ይለኩ፤ ከመደቡ አምስት ስድስት ቦታ ላይ ይድገሙት። ካገኙት ትንሹ ቁጥር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ይቀንሱ፤ የቀረው ሊዘሩት የሚችሉት ካሮት ርዝመት ነው።

ለሸክላማ አፈር የመጀመሪያው ምርጫ ሻንተኔ ነው። ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ራሱ ሰፊ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው፤ እንደ ሽብልቅ ጠጣሩን አፈር እየገፋ ይወፍራል። ናንቴስ ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት ያለው፣ ጫፉ ድፍን፣ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ነው። በጣዕም ብዙዎች የሚያስቀድሙት እሱን ነው፣ ነገር ግን ልስላሴ ያለው አፈር ይፈልጋል፤ ጫፉ ድፍን ስለሆነ የጠጠረ ቦታ ላይ ሰርስሮ መግባት አይችልም። በሁለቱ መካከል ዳንቨርስ አለ፤ ከሻንተኔ ረዘም፣ ከናንቴስ ጠንከር ይላል፣ ከባድ አፈርንም ይችላል። ሙቀት ለሚበዛበት ቦታ ኩሮዳ የሚባለው የጃፓን ዓይነት ይመረጣል። ፓሪስ ማርኬት ክብ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ስላለው 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ሣጥን ውስጥ ሳይቀር ይሆናል።

ኢምፔራተርን ግን ከዚህ መደብ ያውጡት። እስከ 25 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚወርድ ነው፤ የሚፈልገው 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ወለል ብሎ የላላ አሸዋማ አፈር ነው። ከወደዱት 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው፣ ታቹ በተበሳ በርሜል ወይም ባልዲ ውስጥ ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ የተነፋ ብስባሽና አፈር ሞልተው ይዝሩት። ሸክላ መሬት ላይ መሞከር ዘር ማባከን ነው።

ባለቀለሞቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ እንግዳው ብርቱካናማው ነው። በመካከለኛው እስያ መጀመሪያ የለሙት ካሮቶች ሐምራዊና ቢጫ ነበሩ። ሐምራዊው ቀለም አንቶሲያኒን ይባላል፣ በውኃ ይሟሟል፤ ስለዚህ ሲቀቀል ውኃውን አቅልሞ ራሱ ይደበዝዛል። ብዙዎቹ ሐምራዊ ዓይነቶች ውስጣቸው ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ስለሆነ ወፈር አድርጎ መላጥ ቀለሙን አብሮ መጣል ነው። ቢጫው ሉቲን፣ ቀዩ ሊኮፒን አለበት፤ ብርቱካናማው ደግሞ በቤታ ካሮቲን የታወቀ ነው። ነጩ ከእነዚህ ቀለሞች የለውም ማለት ይቻላል። ከነጮቹ መካከል ብላንሽ አ ኮሌ ቬር የሚባለው አለ፤ ስሙ በፈረንሳይኛ «ባለ አረንጓዴ አንገት ነጭ» ማለት ነው። ራሱን ከአፈር ብቅ ማድረግ ተፈጥሮው ስለሆነ የእሱን አረንጓዴነት እንደ ጥፋት አይቁጠሩት።

የተደባለቀ ፓኬት ግን አልመክርም። ውስጡ ያሉት ዓይነቶች በፍጥነትም በቁመትም አይመሳሰሉም፤ ፈጣኑ ሰነፉን ይጋርደዋል። ከዚያ የማሳሳቱ ቀን ሲደርስ እጅ ሳያስበው ቀጭኑን ነቅሎ ወፍራሙን ያስቀራል፣ በመጨረሻ መደቡ በአንድ ቀለም ይሞላል። በእጅዎ ያለውን መጣል የለብዎትም፤ ለብቻው አንድ ወይም ሁለት መስመር ይስጡት፣ ሲያሳሱም በመጠን ሳይሆን በርቀት ብቻ ይምረጡ፤ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ የምትገኘው ተክል ቀጭንም ብትሆን ትቅር። በአንዳንዶቹ ሐምራዊ ዓይነቶች የቅጠሉ ዘንግ ገና በቡቃያነቱ ወይን ጠጅ ስለሚመስል ያ ለመለየት ይረዳል። ለሚቀጥለው ግን እያንዳንዱን ቀለም በየፓኬቱ ይግዙ።

መደቡን እንዲህ ያዘጋጁት። አፈሩ ጭቃም ድርቅም ባልሆነበት ቀን ይጀምሩ። አንድ እፍኝ ጨብጠው ሲከፍቱት ቅርጹን ይዞ፣ በአውራ ጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ቀኑ ነው። ሸክላን እርጥብ ሆኖ መቆፈር በገዛ እጅ ሸክላ መሥራት ነው፤ እያንዳንዱ ጓል ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። መጀመሪያ የላይኛውን አፈር በአካፋ ወደ አንድ ጎን አንስተው የታችኛውን ንጣፍ በመንሽ ወይም በዶማ ጫፍ እየሰነጠቁ ወዝወዝ ያድርጉት፤ ወደ ላይ አያውጡት። ከዚያ የላይኛውን መልሰው፣ ከመደቡ ዙሪያ ካለው መተላለፊያ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር አንስተው ይጨምሩበት። መደቡ ከፍ ይላል፣ ውኃ አያቁርም፣ የላላው ጥልቀትም ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ከጣት አንጓ የሚበልጥ ጠጠርና ጓል ይለቀም። ከዚያ በኋላ መደቡ ላይ እግር አይረገጥ። 1.2 ሜትር ስፋቱ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ከሁለቱም ጎን እጅ መሀሉ ድረስ ይደርሳል።

ፍጉ የሁለት ሳምንት ሳይሆን ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ፣ ጠረኑ የጠፋና ምን እንደነበረ የማይለይ መሆን አለበት። ለእርስዎ መደብ ከ100 እስከ 150 ሊትር የበሰለ ብስባሽ ይበቃል፤ ሲነጠፍ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር ይቀላቅሉት። ከሁሉ የሚሻለው ባለፈው ወቅት ፍግ ጠጥቶ ጎመን ወይም ሌላ ቅጠል ያበቀለ መደብ ላይ ያለ ምንም ተጨማሪ ፍግ ካሮት ማስከተል ነው። ስለዚህ ያለፈው ዓመት ፍግዎ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ዘንድሮ የሚያስፈልገው ብስባሽ ከተባለው ግማሹ ቢሆን ነው። ዩሪያ ጭራሽ አይግባ። የእንጨት አመድ ፖታሽየም አለው፣ ግን የአፈርን ኮምጣጣነት ስለሚቀንስ በካሬ ሜትር ከአንድ ጭብጥ አይለፍ፤ ካሮት የሚስማማው ፒኤች (የአፈር ኮምጣጣነት መለኪያ) ከ6 እስከ 6.8 ነው።

ግማሹ ያልበቀለበት ምክንያት ከሁለት አንዱ ነው፦ ዘሩ አርጅቷል ወይም አፈሩ ቅርፊት ሠርቷል። የመጀመሪያውን ከመዝራትዎ በፊት ማወቅ ይቻላል። ከእያንዳንዱ ፓኬት 50 ፍሬ ቆጥረው በረጠበና በተጨመቀ የወጥ ቤት ወረቀት ላይ ይበትኑ፣ ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቦታ ያቆዩት። በ14ኛው ቀን ነጭ ሥር ያወጡትን ይቁጠሩ። ከ35 በላይ ከሆነ ደህና ነው፤ ከ25 እስከ 35 ከሆነ አጠጋግተው ይዝሩ፤ ከ25 ካነሰ ሌላ ዘር ይፈልጉ። የካሮት ዘር በደንብ ተቀምጦ እንኳን ከሦስት ዓመት በላይ አያስተማምንም።

ሁለተኛው፣ ማለትም ቅርፊቱ፣ በሸክላ መሬት ላይ ዋናው ገዳይ ነው። የካሮት ቡቃያ ጉልበት የለውም። ከዘሩ የሚወጣው ነጭ አንገት እንደ መንጠቆ ታጥፎ ነው አፈሩን የሚገፋው፤ ባቄላ ጓል ፈንቅሎ ሲወጣ ካሮት ግን ደርቆ የተለበጠ አፈር ሥር ተጠምዝዞ ይሞታል። ቆፍረው ቢያዩት ዘሩ በቅሏል፣ ቡቃያው ግን መውጫ አጥቷል። ስለዚህ ዘሩን የሚያለብሱት በራሱ በሸክላው አፈር መሆን የለበትም።

በመደቡ አግድም፣ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ መስመር ያውጡ፤ 1.2 ሜትር ርዝመት ያላቸው 11 መስመሮች ያገኛሉ። ፈሩ 1.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ሁለት ጣት ስፋት ይኑረው። የእንጨት ዱላ በመደቡ ላይ አስተኝቶ መጫን ከመቆፈር የተሻለ እኩል ፈር ይሰጣል። ዘሩ ከመግባቱ በፊት ፈሩን በውኃ ያጥግቡትና እስኪሰርግ ይጠብቁ፤ ከላይ ብቻ የሚጠጣ መስመር ከታች ደረቅ ሆኖ ይቀራል። አንድ ግራም ውስጥ ከ600 እስከ 900 የሚሆን ፍሬ ስላለ ለመላው መደብ 2 ግራም ይበቃል። ለአንድ መስመር ከ120 እስከ 150 ፍሬ የሚሆን ቁንጥጫ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቀው፣ አንድ ፍሬ በአንድ ሴንቲ ሜትር እንዲደርስ በቀስታ ይዝሩ። ከላይ እኩል በእኩል የተቀላቀለ የተነፋ ብስባሽና አሸዋ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ያልብሱት፣ በሰሌዳ ጀርባ መታ መታ ያድርጉ፣ ቀዳዳው በደቀቀ ውኃ ማጠጫ ያርከፍክፉ። ፈሩ ነጣ ብሎ ስለሚታይ መስመሩ ከአረም ጋር አይምታታም።

ችግኝ አፍልቶ ማዛወርስ? አይሆንም። ሲነቀል ጫፉ ይበጠሳል፤ ቀሪውን ከላይ አንብበውታል።

ለቀኖቹ ልክ አለው። የአፈሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ከሆነ ለመብቀል ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጃል፤ 15 ከሆነ 10 ቀን ገደማ፤ ከ20 እስከ 25 ከሆነ ከ6 እስከ 8 ቀን። ከ35 ሲያልፍ ብቅለቱ ይወድቃል። በእነዚህ ቀኖች ሁሉ የላይኛው አንድ ሴንቲ ሜትር ለግማሽ ቀን እንኳን መድረቅ የለበትም። ውኃ የጠጣና መብቀል የጀመረ ዘር አንዴ ከደረቀ ዳግመኛ አይነሳም። ፀሐይ በበረታበት ቀን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ትንሽ ትንሽ ማርከፍከፍ ያስፈልጋል። ሥራው የሚቀለው መስመሩን በረጠበ ጆንያ ሲሸፍኑት ነው። ነገር ግን ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ጥግ ጥጉን ገለጥ አድርገው ይመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት መንጠቆዎች ብቅ ሲሉ ጆንያው በዚያኑ ዕለት፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ይነሳ። አንድ ቀን ከዘገዩ ቡቃያው ገርጥቶ ይረዝማል፣ በጆንያው ድር ውስጥ ገብቶም አብሮ ይነቀላል። በሸክላ የተለበጠ ዘር ካገኙ አያያዙ ቀላል ነው፣ ለመዝራትም ይመቻል፤ ልባሱ እስኪሟሟ ግን የበለጠ ርጥበት ይፈልጋል፣ ለሚቀጥለው ዓመትም አይቀመጥም።

ብዙ ሰው ካሮቱን ራሱ አርሞ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ረጃጅምና ቀጫጭን ስለሆኑ ሣር ይመስላሉ። ልዩነቱ፦ ሣር አንድ ቅጠል ብቻ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ካሮት ሁለቱን እንደ ቪ ፊደል ከፍቶ ይወጣል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ከመሀላቸው የተቦጨቀ፣ የእንስላል ቅጠል የሚመስል እውነተኛው ቅጠል ይመጣል። ያ እስኪታይ ድረስ አረሙን በመስመሮቹ መሀል ብቻ ይንቀሉ። ከዚያ በኋላ ግን ለስድስት ሳምንት ያህል አይዘናጉ፤ የካሮት ቅጠል ሳሳ ያለ ስለሆነ አረምን ማፈን አይችልም። ሲኮተኩቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ አይግቡ።

ማሳሳት ልብ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ያለፈው ዓመት ካሮትዎ በዚህም ሳይጎዳ አልቀረም። ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲኖራቸው በ3 ሴንቲ ሜትር አንድ እንዲቀር ያሳሱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ያድርጉ፦ ናንቴስ 5፣ ሻንተኔ ከ6 እስከ 7፣ ፓሪስ ማርኬት 4፣ ነጩ 7 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ። በመጀመሪያው ዙር አለመንቀል ይሻላል፤ በትንሽ መቀስ አንገቱን ከአፈሩ እኩል ይቁረጡት። መንቀል የጎረቤቱን ሥር ያናጋል፣ የተናጋው ደግሞ ጫፉ ይበጠስና እግር ያወጣል። በሁለተኛው ዙር የሚነቀለው ጣት የሚያህል ስለሆነ ይበላል። መደቡን አስቀድመው ውኃ ያጠጡ፣ ካሳሱም በኋላ ያጠጡ፣ የቆረጡትንም እዚያው አይተዉት፤ የተቀጠቀጠ ቅጠል ሽታ የካሮት ዝንብን ይጠራል። የ11ዱ መስመሮች ልክ በ5 ሴንቲ ሜትር ቢያዝ 260 ያህል ካሮት ነው፤ ባይሳሳ ግን 600 ክር ይሆናል።

ቡቃያው ጣት ካለፈ በኋላ የውኃው ልማድ ይገለበጥ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚጠጣ ካሮት ሥሩን ወደ ታች የሚልክበት ምክንያት የለውም። በሳምንት በካሬ ሜትር 25 ሊትር ይበቃል፤ ለእርስዎ መደብ 90 ሊትር፣ ዘጠኝ ባለ 10 ሊትር ማጠጫ ነው። በሁለት ቀን ከፋፍለው ይስጡት፤ ዝናብ ከጣለ ይቀንሱ። በተለይ ሥሩ በሚወፍርበት ጊዜ መደቡ ለሁለት ሳምንት ደርቆ ድንገት ከጠገበ ውስጡ ከቆዳው ቀድሞ ያብጥና ካሮቱ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ሸክላዎ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ በመስመሮቹ መሀል 3 ሴንቲ ሜትር የደረቀ ሣር ይጎዝጉዙ።

ከሁለተኛው ማሳሳት በኋላ አፈሩን በእጅዎ ወደ ካሮቱ ራስ ጠጋ ጠጋ ያድርጉ፤ አረንጓዴውን ራስ የሚያስቀረው ይኸው ነው። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ፣ በተለይ ከከባድ ዝናብ በኋላ፣ ይድገሙት። የቅጠሎቹ መውጫ ግን አይቀበር፣ ይበሰብሳል።

ሥሩ ሳይወፍር አገዳ አውጥቶ የሚያብብ ካለ መንስኤው ቅዝቃዜ ነው። ካሮት የሁለት ዓመት ተክል ነው፤ ወፈር ያለ ተክል ለሳምንታት ከ10 ዲግሪ በታች ከቆየ የብርድ ወቅት እንዳለፈ ይቆጥርና ለማበብ ይነሳል። ከብርቱካናማዎቹ ይልቅ ሐምራዊዎቹ በዚህ ይቸኩላሉ። ያበበው ካሮት መሀሉ እንጨት ስለሚሆን ወዲያው ይነቀል። ሙቀቱ በተቃራኒው ሲከፋ፣ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሰነብት፣ ካሮት አጥሮ ገርጥቶ ጣዕሙ ይሻክራል። ቀለሙና ጣፋጭነቱ የሚያምረው ከ15 እስከ 21 ዲግሪ ባለው ነው፤ የመዝሪያ ቀንዎን ከዚህ ወደ ኋላ ቆጥረው ያውጡ። ፓሪስ ማርኬት ከ50 እስከ 60 ቀን፣ ናንቴስ ከ65 እስከ 75፣ ሻንተኔና ዳንቨርስ ከ70 እስከ 80፣ ሐምራዊዎቹ እስከ 90 ቀን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን መዝራት አያስፈልግም። ናንቴስን በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ቢዘሩት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም አይደርስብዎትም።

በሽታውን ባጭሩ ልለፈው። ከአሮጌ ቅጠሎች ጠርዝ ጀምሮ ጠቆር ያለ ነጥብ ወጥቶ ቅጠሉ እሳት የበላው ሲመስል አልተርናሪያ የሚባል ሻጋታ ነው፤ በዘርም ይተላለፋል። ጠዋት ማጠጣት፣ ማሳሳትና የታመመውን ቅጠል ማራቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የካሮት ዝንብ ባለበት አካባቢ ሥሩ ላይ ዝገት የመሰለ ቦይ ይታያል፤ ዝንቡ ዝቅ ብሎ ስለሚበር በመደቡ ዙሪያ 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ደቃቅ መረብ ማቆም ይቀንሰዋል፣ ከላይም መሸፈን የበለጠ ያስተማምናል።

ኔማቶድ ከተገኘ ግን በዚያ መደብ ላይ ካሮት ለሦስት ዓመት ያህል አይመለስ፤ ፓርስሊንና ሰላሪንም ይጨምራል። የተጠቃውን ሥር ከብስባሽ ጋር አይቀላቅሉ። ፀሐይ በሚበረታበት ወቅት መደቡን አጥግበው በግልጽ ፕላስቲክ ለአራትና ስድስት ሳምንት አጥብቀው ቢሸፍኑት አፈሩ እስከሚሞቅበት ጥልቀት ድረስ የኔማቶዱ ቁጥር ይቀንሳል። ከሥር ያለው ግን ይተርፋል። በዚህ ጊዜ ካሮቱን ንጹሕ አፈር ባለው በርሜል ማልማት የሚሻል ምርጫ ነው።

ለመንቀል ቅጠሉን አይተው አይወስኑ። በራሱ ዙሪያ ያለውን አፈር በጣትዎ ገለጥ ያድርጉ፦ ናንቴስ ከ2 እስከ 2.5፣ ሻንተኔ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ደርሷል። ከጎን መንሽ ሰክተው አፈሩን ካላሉት በኋላ ይሳቡት፤ ከሸክላ ውስጥ በቅጠሉ ብቻ ከጎተቱት ቅጠሉ እጅዎ ላይ ይቀራል። ቅጠሉ ከተነቀለ በኋላም ከሥሩ ውኃ ስለሚስብ አንድ ሴንቲ ሜትር አስቀርተው ወዲያው ይቁረጡት። ለማቆየት የሚፈልጉት ሳይታጠብ፣ ሲጨበጥ ውኃ የማይንጠባጠብ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሳይነካካ ተደርድሮ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ከፖም፣ ከሙዝና ከመሳሰሉት የበሰሉ ፍሬዎች ያርቁት፤ የሚያወጡት ጋዝ ካሮትን ያመርረዋል።

ከመካከላቸው ያማረውን ለዘር ላስቀር ብለው ካሰቡ ሁለት ነገር አስቀድመው ይወቁ። ፓኬቱ ላይ ኤፍ1 የሚል ካለ ዲቃላ ነው፤ ከዘሩ የሚወጣው ልጅ እናቱን አይመስልም። ዲቃላ ካልሆነም የካሮትን አበባ የሚያዳቅሉት ነፍሳት ናቸው፤ ሐምራዊውና ናንቴሱ በአንድ ጊዜ ካበቡ፣ ወይም ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት የዱር ካሮት ካለ፣ የሚያገኙት ዘር ድብልቅ ነው። ስለዚህ በአንድ ወቅት አንድ ዓይነት ብቻ ያስቀሩ፣ ያውም ቢያንስ 20 ሥር፤ ከጥቂት ተክል የተሰበሰበ ዘር በሚቀጥለው ትውልድ ይደክማል። ዘሩም የሚለቀመው መሀል ላይ ካለው፣ መጀመሪያ ከሚያብበው ትልቁ ጃንጥላ መሰል የአበባ ራስ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ጊዜው ደርሷል።